በሸንበቆ ሜዳ ያልተቆጠረችው

በእኛ አገር ከብት አይቆጠርም፣ ቀፎ አይቆጠርም፤ ልጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ አይቆጠርም። «ስንት ልጆች አሉሽ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ፣ እናት «እሱ የሰጠኝ» ብላ ወደ ላይ ታያለች እንጂ ጣቷን አታጥፍም። የውባለም ነገር የሚነሣው ከዚህ ነውና ይህችን ያዙልኝ።

ውባለም የእስቴ ሰው ናት፤ ቤቷ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ቆላው ሁለት ሰዓት ያህል ሲወርዱ ነው። ለባሏ ለጌጡ ደጊቱን ወለደች፣ ቀለመወርቅን ወለደች፣ ብርቄን ወለደች። ከብርቄ በኋላ አንድ ወንድ ልጅ መጥቶ ነበር። አፉን ፈትቶ «እማ» ማለት ሲጀምር፣ ለመዝገብ ነው ያሉ ሰዎች መጥተው የቤቱን ሰው ሁሉ ቆጥረው ሄዱ፤ በወሩ ልጁን ኩፍኝ ወሰደው። «ቆጠራው ነው» አለች ውባለም። አይደለም ያላት ሰው አልነበረም። ኋላ ሴት ልጅ ስትወልድ ስሟን ካሣነሽ አለቻት፤ የወተት ጥርሷ እስኪነቀል ድረስ በማንም አፍ፣ በማንም ወረቀት፣ በቁጥር ላታስገባት ለማርያም ተሳለች። ጎረቤቱ ልጅቱን ያውቃታል፣ ይስማታል፣ ያጎርሳታል፤ ቁጥር ውስጥ ግን የለችም። እንዲህ ሆና አምስተኛ ዓመቷን ያዘች።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት። ከእስቴና ከስማዳ መጋጠሚያ፣ ገደል ሥር፣ ሸንበቆ ሜዳ የሚባል ፍል ውሃ ነበር። ድሮ ሰው ቁርጥማቱን ሊታጠብበት ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። ደርግ ሲመጣ በድንጋይ አጠሩት፤ ሲሚንቶ አፍስሰው ለሴት አንድ፣ ለወንድ አንድ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ለልጆች አንድ ገንዳ ሠሩለት። በልጆቹ ገንዳ አፋፍ የሁለት ሰው ቁመት የሚሆን የሲሚንቶ ሸርታቴ አቆሙ። የብረት ዥዋዥዌ ተከሉ። ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተነቀለ ጎማ በምሰሶ ላይ አጋድመው፣ ልጆች ተቀምጠውበት እንዲሽከረከር አደረጉት። በሩ ላይ «የገበሬዎች መዝናኛ» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉ። ከዚያ ወዲህ መግባት በተራ ሆነ፤ አንዱ ገበሬ ማኅበር እስከ እኩለ ቀን፣ ሌላው ከእኩለ ቀን በኋላ።

በሁለቱ ተራ መካከል ገንዳው ይታጠባል። እንዴት መሰላችሁ፤ ከላይ፣ አቀበቱ ላይ፣ ቀዝቃዛው ወንዝ በአራት ሳንቃ ተገድቧል። የበሩ ጠባቂ የቀንድ መለከቱን አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ሲነፋ፣ ከላይ የተቀመጠው ጁሃር የሚባል ሰው ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ያነሣል። ወንዙ በሦስቱም ገንዳ አልፎ እድፉን ጠርጎ ገደል ይጨምረዋል። አምና ከእድፉ ጋር አንድ ልጅ ጨምሮ ነበር። ወረቀት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሰው ተቆጥሮ ይገባል፣ ተቆጥሮ ይወጣል፤ ቁጥሩ ሳይሞላ መለከት አይነፋም።

የእነ ጌጡ ማኅበር ተራ የደረሰው ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የላብ አደሮች ቀን ነው። ጌጡ ወረቀት ሊያወጣ ሄደ።

«ከነቤተሰብህ ስንት?» አለው የማኅበሩ ጸሐፊ።

«እኔ፣ እሷ፣ ልጆች ሦስት።»

ጸሐፊው የሰፈር ልጅ ነውና ቀና ብሎ አየው። አምስት ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት።

ጌጡ ወረቀቱን ሲያሳያት ውባለም ደስም አላት፣ ፈራችም። በዚያ ዘመን ለማኅበር የሐሰት ቃል መስጠት ቀልድ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ደኅና ያደረ ዕለት ድንጋይ ያስፈልጣል፤ ከፍቶት ያደረ ዕለት ደግሞ «ፀረ አብዮት» የምትል ቃል አለችው።

«ትንሿን ከእናቴ ጋር እንተዋት» አለ ጌጡ።

«እናትህ ከመደብ መነሣት አቅቷቸዋል፤ ማን ሊጠብቃት ነው? ደግሞስ ሳምንቱን ሙሉ ሸርታቴ ሸርታቴ ስትል አልሰማህም? እኔ ይዣት እገባለሁ። ስንወጣ የበሩ ጠባቂ ጓዜን ይፈትሽ ይሆናልና አንተ ከጋቢህ ሥር ታወጣታለህ።»

«እሺ፤ እኔ አወጣታለሁ።»

ቁልቁለቱን ጨርሰው አጥሩ ሲታይ ውባለም ቁጭ አለችና የልጅቱን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «ስሚኝ እናት ዓለም። ዛሬ አንች ጓዝ ነሽ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ካየሽ ተሸሸጊ። ማንም ስምሽን ቢጠራ አቤት እንዳትይ። እኔ እንኳ ረስቼ ብጠራሽ አቤት እንዳትይ።»

«ጓዝ ይንሸራተታል?» አለች ካሣነሽ።

«ዝም ካለ ይንሸራተታል።»

በሩ ላይ ገብረ ኢየሱስ ቆሟል፤ አብዮት ጠባቂ ነው። ትከሻው ላይ አሮጌ ምንሽር፣ አንገቱ ላይ መለከት። ፊደል የለየው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ገና ሁለት ዓመቱ። ወረቀት ሲሰጡት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፣ ያነበበውን ደግሞ እንደ ወንጌል ያምናል። «ጌጡ... ከነቤተሰቡ... አምስት» ብሎ በያዛት አርጩሜ የእያንዳንዱን ትከሻ ነካ ነካ አደረገ። አርጩሜዋ ውባለም ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ጀርባሽ ላይ ምንድን ነው?»

«ጓዝ ነው አያ ገብረ ኢየሱስ። የልጆች መቀየሪያ።»

«ለሠርግ ነው እንዴ የመጣችሁት?»

ከኋላ የሚገፋው ሕዝብ ሳቀ። ውባለም ከኩታዋ ሥር የልጅቱ ልብ ጀርባዋን ሲመታት ይሰማታል። አርጩሜዋ ወደ ቀጣዩ ቤተሰብ አለፈች፤ እነ ውባለምም ገቡ።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነበር። እንፋሎቱ ከገንዳው እየተነሣ ሸንበቆው ላይ ይተኛል። ልጆቹ በጎማው ላይ እየተሽከረከሩ ይጮኻሉ፤ ቀለመወርቅ ሦስት ጊዜ ዞሮ የበላውን ሁሉ መለሰው፣ ተጠራርጎ አራተኛ ወጣበት። ብርቄ ከዥዋዥዌው አልወርድ አለች። ደጊቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትልቅ ሴት ነኝ ብላ ሸርታቴውን ጥቂት ናቀችውና ኋላ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ቁልቁል ሄደች። ውባለም ብቻ ውሃ ውስጥም ሆና ላቧ ቀዝቃዛ ነው። ዓይኗ በበሩ ላይ ነው። የሰው ጥላ ባለፈ ቁጥር ካሣነሽን ወደ ሸንበቆው ትስባለች።

«ኧረ ውባለም፣ ልቀቂያት» አለቻት ጎረቤቷ ቦጋለች፣ እስከ አንገቷ ውሃው ውስጥ ሆና። «ጓዝሽ ሻጋታ ሊያወጣ ነው። ይናፈስ እንጂ።»

ውባለም ሳትወድ ሳቀችና ለቀቀቻት። ካሣነሽ በእጅና በእግሯ ደረጃውን ወጥታ፣ ከላይ ሆና ወደ እናቷ አየች፤ አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ተንሸራተተች። ውሃው ውስጥ ገብታ ስትወጣም አፏን እንደያዘች ነው። ደጋግማ ወጣች። ሌሎቹ ልጆች ሲጮኹ እሷ በዝምታ ትወርዳለች። ውባለም ይህን እያየች ሳለ፣ «ተራ አለቀ፤ ውጡ» የሚል ድምፅ መጣ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ውባለም እርጥቡን ልብስ ሰብስባ በዚያው ኩታ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አሰረችው። ጌጡ ከወንዶቹ ገንዳ፣ በልጆቹ ገንዳ በኩል ዞሮ ሲመጣ ጀርባዋ ላይ ያለውን አየና «ሐሳቧን ለውጣ አዘለቻት» አለ በልቡ። እሱ ደግሞ ለእናቱ ጉልበት ብሎ አንድ ጀሪካን ፍል ውሃ ቀድቶ፣ እንዳይበርድ ከጋቢው ሥር አቅፎታል። ውባለም የጋቢውን እብጠት አየችና «እሰይ፣ ይዟታል» አለች። እንዳይጠያየቁ ገብረ ኢየሱስ ጠመንጃውን ይዞ ውስጡን ይዞራል፤ አጠገባቸው ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩና ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይኸው ነው።

ከሁሉ ኋላ የወጡት እነሱ ናቸው። ገብረ ኢየሱስ በአርጩሜው ነካ ነካ አድርጎ አምስት አለ፤ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ በሩን ዘጋ። ከውጭ ከጋይንት የመጣው ማኅበር ፀሐይ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። መለከቱን አነሣና ነፋ። ረዥም አድርጎ።

ጌጡ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር ደርሶ ጋቢውን ገለጠና ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። ውባለም ቢጫውን ጀሪካን አየች።

«ልጅቱስ?»

«ምን ልጅቱስ? አዝለሻት የለም?»

እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። የዳሰሰችው እርጥብ ልብስ ነው።

እንዴት በሩ ጋ እንደ ደረሰች አታውቅም። «አያ ገብረ ኢየሱስ፣ ይክፈቱልኝ። ቅሌን ረስቼ ወጣሁ።» ልጆቼ፣ እዚህ ላይ እንኳ ምላሷ አልደፈረም።

«ውሃው ተለቋል። ቅልሽን ከገደሉ ሥር ትለቅሚያለሽ።»

«ቅል አይደለም። ልጅ ነው።»

«የማን ልጅ?»

«የኔ።»

ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። «አምስት ገባችሁ፣ አምስት ወጣችሁ። ውስጡንም ዞሬ አይቻለሁ፣ ድመት የለም። ሁለተኛ ለመታጠብ የማትፈጥሩት ነገር የለም እናንተ። ባለፈው አንዷ ባሌን ረሳሁት ብላ ገብታለች።»

የጋይንት ሰዎች ሳቁ። «ባሏንስ አገኘችው?» አለ አንዱ።

ከላይ፣ ከአቀበቱ፣ የሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ መጣ። የመጀመሪያው ሳንቃ ነው። ውባለም የበሩን እንጨት ጨበጠች።

«እናንተ ጎረቤቶቿ አይደላችሁም እንዴ?» አለ ገብረ ኢየሱስ ወደ እስቴ ሰዎች ዞሮ። «ይች ሴት ስንት ልጅ አላት? አንች ተናገሪ።»

ቦጋለች ነጠላዋን ሳበች። «ልጅ አላት።»

«ስንት?»

«እሱ የሰጣት።»

«ሦስት ነው አራት?»

«እኔ የሰው ልጅ አልቆጥርም አያ። በኔ አፍ አይሁንባት» አለችና ውባለምን አየቻት። እሷን መጠበቋ ነበር። ከጎኗ ያሉት ሽማግሌም «ልጅ አይቆጠርም፤ ተው» አሉ። ሌላውም አንገቱን ደፋ። የስለቱን ነገር የማያውቅ አልነበረምና ሁሉም ለውባለም ብሎ ዝም አለ።

«አንተስ?» አለ ገብረ ኢየሱስ ወደ ጌጡ። «ወረቀቱን ያስወጣህ አንተ ነህ። ለማኅበሩ ስንት ነው ያልከው?»

ጌጡ አፉን ከፈተ። ማኅተሙን እያየ አፉን ዘጋ።

ውሃው አጥሩ ውስጥ ገባ፤ ከሴቶቹ ገንዳ ወደ ወንዶቹ ሲዘል ተሰማ። ውባለም ብትናገር ልጅቱን ቆጠራው ይወስዳታል፤ ዝም ብትል ውሃው ይወስዳታል። የሞተው ልጇ ፊት መጣባት። ቀኝ እጇን ከበሩ ላይ አነሣችና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ዘረጋችው።

«የወለድሁት አምስት ነው» አለች። ድምፅዋ ጮክ ያለ አልነበረም። «አንዱን ቀብሬዋለሁ። በሕይወት ያሉኝ አራት ናቸው። ደጊቱ አንድ። ቀለመወርቅ ሁለት። ብርቄ ሦስት። ካሣነሽ አራት።» እያንዳንዱን ስትል ጣቷን አጠፈች። «አራተኛዋ ውስጥ ናት። ጓዝ ብዬ በጀርባዬ ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ቦጋለች በነጠላዋ አፏን ያዘች። ገብረ ኢየሱስ ወረቀቱን አየ፤ የታጠፉትን ጣቶች አየ። ከዚያ ወረቀቱን ጣለና መለከቱን አነሣ። ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ነፋ፤ አቁም ማለት ነው። ደግሞ ሁለት ጊዜ። በሩንም በእግሩ ከፈተው።

ውባለም ስትገባ ደጊቱ ከኋላዋ ተከትላታለች። የልጆቹ ገንዳ መልኩ ተለውጧል፤ እንፋሎቱ ጠፍቶ ደፍርሶ ይዞራል። ውሃው ጉልበቷ ላይ ደረሰ፤ ይቀዘቅዛል፣ ይጎትታል። «ካሣነሽ!» ብላ ጠራች። መልስ የለም። በሸንበቆው ገባች፣ ጎማውን ዞረች፣ ደግማ ጠራች፣ ሦስተኛ ጠራች። ገብረ ኢየሱስም በወፍራም ድምፁ ጠራ። የሚሰማው የውሃው ብቻ ነው። ያኔ ውባለም ጠዋት ያለችው ትዝ አላት። እኔ እንኳ ብጠራሽ አቤት እንዳትይ። ልጅቱ ታዛዥ ናት።

«እማ፣ አንች ዝም በይ፤ እርስዎም ዝም ይበሉ» አለች ደጊቱ። ሸርታቴው ሥር ቆመች፤ ማታ ማታ በግቢያቸው ድብብቆሽ ሲጫወቱ እንደምትለው ዓይኗን በክንዷ ሸፍና ጮኸች።

«አኩኩሉ!»

ውሃው ይጮኻል።

«አኩኩሉ!»

«አልነጋም» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሲሚንቶው ሥር መጣ።

ሸርታቴው ከሥሩ ባዶ ነው፤ እንደ ጎሬ ያለ ቀዳዳ አለው። ልጅቱ ጠመንጃ የያዘውን ሰው አይታ እዚያ ገብታለች። የቀዳዳው አፍ አሁን ከግማሽ በላይ ውሃ ውስጥ ነው። ውባለም በደረቷ ተኝታ እጇን ሰደደች፤ ፀጉር ጨበጠች፣ ክንድ ጨበጠች፣ ጎተተች። ገብረ ኢየሱስ ደግሞ እሷን በመቀነቷ ይዞ ጎተተ። ልጅቱ ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ነጋ እንዴ?» አለች።

ጁሃር ሽርጡን ሰብስቦ እየሮጠ ወረደ። «ሁለተኛውን ሳንቃ እያነሣሁ ነው የሰማሁ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ሁለት ጊዜ ተነፍቶ አያውቅማ። ጆሮዬ የተሳሳተ መስሎኝ፣ ወላሂ፣ ሳንቃውን ይዤ ቆሜ ነበር።»

በሩ ላይ ገብረ ኢየሱስ የጣለውን ወረቀት አነሣ፤ በእጅጌው ጠራረገው። ሰው ወደማይሰማበት ወሰዳቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሙኝ። ወረቀቱ አምስት ይላል። ልጅቱም ወጥታለች። ስድስት ብዬ ብጽፍ እናንተን ሊቀመንበሩ ይጠይቃል፤ እኔንም እንዴት አለፈችህ ይሉኛል። እንዳለ ይሁን። ሂዱ።»

«እግዜር ይስጥልን» አለ ጌጡ፤ ወረቀቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

ውባለም አልተንቀሳቀሰችም። ልጅቱን በጋቢው ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛታለች። «ስድስት ብለው ይጻፉት» አለች።

«አንች ሰው፣ ምን ነካሽ?» አለ ጌጡ።

«አንዴ ቆጥሬአታለሁ፤ የሚመጣው ይምጣ። ግን ወረቀቱ አምስት ካለ፣ ዛሬ ውሃው ወስዷት ቢሆን ማንም ሰው አልጎደለም ነበር። ይጻፉት አያ።»

ገብረ ኢየሱስ እርሳሱን በምላሱ አረጠበ፤ አምስቱን ሰርዞ ከጎኑ ጻፈ።

«የቱ ነው ስድስት?» አለች ውባለም። ማንበብ አትችልም።

በጣቱ አሳያት። ደህና አድርጋ አየችው።

አቀበቱን ሲጀምሩ ቦጋለች ከኋላ ደርሳ ጀሪካኑን ከጌጡ እጅ ተቀበለች። ጌጡ አላስቻለውም። «እንግዲህ ሦስት ቀን ድንጋይ ልፈልጥ ነው። ያውም ሊቀመንበሩ ደኅና ካደረ።»

«ትፈልጣለህ» አለች። «ስንቅህን እኔ አመጣለሁ።»

ካሣነሽን ጀርባዋ ላይ አዝላታለች፤ ኩታውን ግን ከራሷ ላይ ገልጣዋለች። አንድ መታጠፊያ ሄደው ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ ልካ የልጅቱን ግንባር ዳሰሰች። የሞቀ መሰላት። ከፀሐዩ ይሁን ከሌላ ለመለየት ደጊቱን ጠርታ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ቀለመወርቅን ዳሰሰች፤ ብርቄ «ምን ሆንሁ?» እያለች ስትሸሽ ይዛ ዳሰሰቻት። ደግማ ወደ ካሣነሽ ተመለሰች። አራቱም ያው ነበሩ። መቀነቷን አጠበቀችና መንገዱን ቀጠለች፤ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ።